ማክ አሊስተርን ዳን በርን ላይ የለጠፈው ማን ነው? ኒውካስል 2 ሊቨርፑል 1፣ የካራባዎ ዋንጫ ፍጻሜ

ቀዩ_ከገርጂ
እሑድ መጋቢት 7 ቀን 2017፣ ምሽት 3፡50

ወገን፣ ቤት ገብቼ መቀመጤ ነው። ሚስቴ ፊቴን አየችና ሽሮውን አስቀምጣ ምንም ሳትጠይቀኝ ወደ ጓዳ ገባች። አልበላሁም።

ስለ መሸነፋችን አይደለም የምጽፈው። ማክሰኞ ማታ አንፊልድ ላይ ከፒኤስጂ ጋር 120 ደቂቃ ሮጠን፣ በመለያ ምት 4 ለ 1 ወድቀን፣ ትሬንትን በጉዳት አጥተን ነው ዌምብሌይ የሄድነው። እግራችን እንደማይታዘዝ ገና በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ያስታውቅ ነበር። ሳላህ እንኳ 90 ደቂቃ ሙሉ ተጫውቶ አንዲት ምት አልሞከረም። እሺ፣ ይሁን።

እኔን ያቃጠለኝ የ45ኛው ደቂቃ ኮርና ነው። ትሪፒየር ያሻማል፣ ዳን በርን በጭንቅላቱ ይገጫል፣ ኬለኸር ተወርውሮ አይደርስበትም። በርን ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአንድ ሳንቲም ነው። እሱን የያዘው ማን ነው? ማክ አሊስተር! ከእኛ ሜዳ ላይ ከነበሩት አጭሩ ማለት ይቻላል። የመብራት ምሰሶ ያቀፈ ሕፃን ነው የሚመስለው። ቫን ዳይክና ኮናቴ ጎሉ ደጃፍ ላይ ተገትረው ሰው ይጠብቃሉ። ማንን? እኔ እንጃ። ሠርግ ቤት እንግዳ ተቀባይ ይመስል።

የሚያስረዳኝ ካለ ያስረዳኝ። አሠልጣኛችንን ስሎትን መሳደብ ብቻ የመጣችሁ ግን እለፉ፣ ሊጉን እየመራልን ነው።

በነገራችን ላይ፣ ኢሳቅ ኢሳቅ እያላችሁ ጆሯችንን ያደነቆራችሁን በሙሉ፦ አንዲት የተመቻቸች ኳስ ነው ያገባው። ሊቨርፑል ይፈልገዋል የሚለውን ወሬም ተዉት። በነጻ ቢሰጡን አልፈልገውም። ጻፉልኝ።

ጥቁርና_ነጭ
ምሽት 3፡54

70 ዓመት!!!!

ይቅርታ፣ ትንታኔ ነገ። ዛሬ መጮህ ነው።

መድፈኛዋ
ምሽት 4፡02

ቀዩ፣ አይዞህ። ከልቤ ነው፣ አልሳቅሁም። ትንሽ ነው የሳቅሁት።

ግን ይኼን ቡድን ማንም አልቻለውም እኮ። እኛን አርሰናሎችን በግማሽ ፍጻሜ ኤምሬትስ ላይ 2 ለ 0፣ ቤታቸው ደግሞ 2 ለ 0። ድምር 4 ለ 0። የኛ አሠልጣኝ አርቴታ ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ ወጥቶ ኳሱ ይለያል፣ ከፕሪሚየር ሊጉ ኳስ የበለጠ ይንሳፈፋል ሲል አፍሬ ቴሌቪዥን አጠፋሁ። ኳሱ ለኢሳቅ አልተንሳፈፈም?

ጋሽ_ፉጨት
ምሽት 4፡31

ቀዩ፣ ጥያቄህ ጥሩ ስለሆነ ሳልተኛ ልመልስልህ።

ሊቨርፑል ኮርና ሲከላከል ረጃጅሞቹን ሰው አያስይዛቸውም፣ ቦታ ነው የሚያስይዛቸው። አምስት የሚሆኑት ጎሉ አጠገብ ተደርድረው ይቆማሉ፤ ቫን ዳይክና ኮናቴ ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ምክንያቱም ከኮርና የሚገባው አብዛኛው ጎል ከዚያች ከአምስት ሜትር ተኩል ሳጥን አካባቢ ነው። ሌሎች ሁለት ሦስቱ ደግሞ ወደዚያ የሚሮጠውን ተጋጣሚ መንገድ ላይ ይገጥሙታል። የማክ አሊስተር ሥራ በርንን በዝላይ መብለጥ አይደለም፣ ያንን ማንም አይጠይቀውም። ሥራው ሩጫውን ማበላሸት ነው። ተጋጣሚው እየተንገዳገደ ዞኑ ውስጥ ሲገባ ቫን ዳይክ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሒሳቡ ይኼ ነው፣ ዓመቱን ሙሉም ሲሠራላቸው ከርሟል።

ዛሬ ግን በርን አልሮጠም። ወደ ዞኑ አልመጣላቸውም። ከጎሉ ርቆ፣ ፍጹም ቅጣት ምት መምቻው አካባቢ ቀረና ኳሱ ወደ እሱ መጣለት። እዚያ ቦታ ላይ ደግሞ ከማክ አሊስተር በቀር ማንም የለም። ስሎትም ከጨዋታው በኋላ ሲጠየቅ የመለሰው ይኼንኑ ነው፤ ከዚያ ርቀት በዚያ ኃይል ኳስ ገጭቶ ጥግ ላይ የሚያስገባ ሰው በሕይወቴ አላየሁም ነው ያለው። አላመካኘም፣ እውነቱን ነው። ከዚያ ርቀት የሚገጭ ኳስ ብዙ ጊዜ ለግብ ጠባቂ ሲሳይ ነው። ልዩነቱ ትሪፒየር ኳሱን ጠንክሮ መምታቱ ነው፤ በርን አዲስ ጉልበት አልጨመረበትም፣ የመጣውን ጉልበት አቅጣጫ ቀየረለት።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የሰፈር ልጆች አሠለጥናለሁ፣ ከ13 ዓመት በታች። ዞኑን የማሳያቸው ሸበጥ ጫማቸውን አስወልቄ መሬት ላይ በመደርደር ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ሸበጥ ላይ ይቆማል። አንድ ቀጭን ረጅም ልጅ አለ፣ ኮርና በተመታ ቁጥር ሩጫ ይሰለቸውና ወደ ኋላ ይቀራል። ስንፍና መስሎኝ ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ። ባለፈው ወር ኳሱ ተሻግሮ እሱ ላይ ወረደና በጭንቅላቱ አስገባት። ተከላካዮቹ በሙሉ ሸበጣቸው ላይ እንደቆሙ ዞረው አዩኝ። አንዱ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ነዎት ከሸበጣችሁ አትነሡ ያሉን» አለኝ። ምን እመልስለታለሁ?

ቀዩ_ከገርጂ
ምሽት 4፡44

> ወደ ዞኑ አልመጣላቸውም።

ጋሼ፣ አክባሪዎ ነኝ። ግን ሁለት ሜትር የሆነ ሰው ከኋላ ሲቀር እያዩ ከአምስቱ አንዱ ለምን ወጥቶ አይቆምበትም? ሸበጡ ላይ ሚስማር ተመትቷል እንዴ?

ጋሽ_ፉጨት
ምሽት 4፡58

ከወጣ ቦታው ክፍት ነው። ጊማሬስ አለ፣ ሼር አለ፣ ጆሊንተን አለ፤ ሦስቱም ያቺን ክፍት ቦታ ነው የሚጠብቁት። ከሦስቱ አንዱ ጎል ደጃፍ ላይ ቢያስገባ ደግሞ ነገ የምትጽፈው ቫን ዳይክ ለምን ቦታውን ለቀቀ ብለህ ነበር።

አሠልጣኝ አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን በትንሹ ገርበብ አድርጎ ይተዋል፤ ሁሉንም መዝጋት አይቻልም። ስሎት ገርበብ አድርጎ የተወው ሌባ አይመጣበትም ያለውን በር ነው። እኔ የምወቅሰው በአንድ ነገር ነው። ተጋጣሚህ ያለው በርን ከሆነ፣ ቢያንስ ለዛሬ ብቻ የማክ አሊስተርን ሥራ ለግራቨንበርክ መስጠት ይቻል ነበር። ኳሱን ባያስጥል እንኳ ትከሻ ይገፋል።

ሁለተኛውን ጎል ግን ማንም አይንቀው። ሊቭራሜንቶ ቀኝ እግር ነው፤ ሉዊስ ሆል ስለተጎዳ ነው ግራ የተሰለፈው። ወደ ቀኝ እግሩ አመቻችቶ አሻገረ፣ ሩቁ ቋሚ ጋ መርፊ ዘሎ በጭንቅላቱ መለሰ፣ ኢሳቅ ሳያቆም መታ። ልብ በሉ፣ ከዚያ በፊት አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ያገባው ጎል በጊማሬስ ኦፍሳይድ ተሽሮበታል። ሌላ አጥቂ ቢሆን ገና ከዳኛው ጋር ሲጨቃጨቅ ይገኝ ነበር።

ጣቢያው_ዲኤስቲቪ
ምሽት 5፡10

ሰላም ቤተሰብ። ቀዩ፣ ትንታኔህን አነበብኩ፣ ግሩም ነው። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ኢሳቅ ሲያገባ፣ 52ኛው ደቂቃ ላይ ማለት ነው፣ ከሦስተኛው ረድፍ ተነስተህ ወንበር ገልብጠህ የወጣኸው አንተ አይደለህም? ሳላህ 90 ደቂቃ ሙሉ ምት አለመሞከሩን የት ሆነህ ቆጠርከው?

ደግሞ ሁለት ሻይና አንድ ሳምቡሳ አልከፈልክም። የመግቢያውን ከፍለሃል፣ እሱን አልክድህም።

መድፈኛዋ
ምሽት 5፡12

ሃሃሃሃሃ። አሁን ሳቅሁ።

ቀዩ_ከገርጂ
ምሽት 5፡15

ወንድሜ፣ ይኼ በውስጥ መስመር የሚላክ ነገር ነው!

እውነቱን ልናገር። ወጥቼ ወደ ታክሲ ተራ ሄድኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር። የቀረውን ከፊቴ የቆመ አንድ ልጅ ስልኩ ላይ ሲያይ ከትከሻው በላይ ነው የተከታተልኩት። ኬዛ ሲያገባ መስመር ዳኛው ባንዲራ አነሣ፣ ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ ወዲያው ቪኤአር ጎል ነው አለ መሰለኝ ከአንዱ ካፌ ጩኸት ተሰማ። ልጁ እንደገና ስልኩን ሲያወጣ ካርድ አለቀበት። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን አራት ደቂቃዎች ያየሁት በጆሮዬ ነው።

ሻዩን እከፍላለሁ።

የሪያዱ
ምሽት 5፡37

ከሪያድ ሰላም ለሁላችሁ። የጾም ወር ስለሆነ እዚህ ጨዋታው የጀመረው አፍጥረን ሾርባችንን ጨርሰን ሻይ ስንይዝ ነው፤ እንደ አገር ቤት አቆጣጠር 1፡30 ላይ። ኒውካስል የሳዑዲ ከሆነ ወዲህ እዚህ ያለው ሰው በሙሉ የኒውካስል ደጋፊ ሆኗል፣ የጓዳችን ልጆች ጭምር። ስምንት ሆነን አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያየነው።

የእኔ ነገር ግን ያሳዝናል። 2 ሰዓት ላይ የኢሻ አዛን አለ። እስከ እረፍት ምንም አይፈጠርም ብዬ ሄድኩ። መስጊዱ ከሕንፃው ሥር ነው። ሶላት ላይ እንዳለሁ ከላይ ከመስኮቱ ሲጮሁ ይሰማኛል። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሐሳቤ ሁሉ ማን አገባ ላይ ነበር። ተራዊሁን እቤት እሰግዳለሁ ብዬ ሮጬ ስመለስ በርን ነው አሉኝ። አላመንኳቸውም፣ ድጋሚውን እስካይ ድረስ የሚያላግጡብኝ ነው የመሰለኝ።

ሐበሻዊ_ሸ
ምሽት 5፡49

እንግዲህ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ዋንጫውን በሪያል ነው የገዙት። በዓለም ሀብታም የሆነ ፈንድ ክለብ ገዝቶ ዋንጫ ሲያነሣ የተረት መጨረሻ አስመስሎ ማልቀስ አይገባኝም።

ጥቁርና_ነጭ
ሰኞ መጋቢት 8፣ ጠዋት 3፡20

ድምፄ ተዘግቷል፣ ጣቴ ግን ይሠራል።

ሐበሻዊ፣ የባለቤቶቹ ነገር አከራካሪ ነው፣ አልከራከርህም፤ ስለ ሰብዓዊ መብት የሚነሣውም ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ስለ ሜዳው ግን እንነጋገር። ሳዑዲዎቹ የመጡት በጥቅምት 2021 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ትላንት ለኢሳቅ በጭንቅላቱ ያመቻቸው መርፊ በ2017 የመጣ ነው። ሼር በ2018፣ በ3 ሚሊዮን ፓውንድ። ጆሊንተን በ2019 በ40 ሚሊዮን በአጥቂነት መጥቶ፣ ጎል ሲያጣ ስንት መሳለቂያ ሆነ፤ ኤዲ ሃው አማካይ አደረገውና ትላንት የሊቨርፑልን መሐል ሜዳ ብቻውን ሲያርሰው ዋለ። ኳስ ቀምቶ ጎል እንዳገባ ሰው እጁን ሲያወዛውዝ አላያችሁም?

በርንን ደግሞ ስሙ። ብላይዝ የምትባል ኒውካስል አጠገብ ያለች የባሕር ዳር ከተማ ልጅ ነው። በ11 ዓመቱ ኒውካስል አትሆንም ብሎ አሰናበተው። ሱፐርማርኬት ውስጥ ጋሪ እየገፋ ሠርቷል። በልጅነቱ አጥር ሲዘል ቀለበት ተይዞበት አንድ ጣቱን አጥቷል። ዳርሊንግተን፣ ፉልሃም፣ ዊጋን፣ ብራይተን፣ ዞሮ ዞሮ በ29 ዓመቱ በ13 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ሀገሩ ክለብ ተመለሰ። ዓርብ ዕለት በ32 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተጠራ፣ እሑድ ዌምብሌይ ላይ አገባ። ይኼን የትኛው ፈንድ ይገዛዋል?

ኢሳቅ፣ ጊማሬስ፣ ቶናሊ በገንዘብ መጡ፣ አልካድኩም። ገንዘብ የሌለው ማን አለ? ከሊቨርፑል ጋር ነው እኮ የተጫወትነው።

እኔ እንዴት የኒውካስል ደጋፊ ሆንክ ትሉኛላችሁ ሁልጊዜ። ታላቅ ወንድሜ አልጋው በላይ የሺረርን ፖስተር ለጥፎ ነበር፣ አንድ እጁን ወደ ላይ ያነሣበትን። ወንድሜ ቤት ሲለቅ አልጋውም ፖስተሩም ለእኔ ቀሩ፤ በዚያው ቀረሁ። ሺረር ለክለቡ 206 ጎል አግብቶ ከኒውካስል ጋር አንድም ዋንጫ ሳያነሣ ጫማ ሰቀለ። ትላንት ካሜራው መቀመጫው ላይ ሲያሳየው የማደርገው ጠፋኝ።

ቡናማው
መጋቢት 8፣ ጠዋት 4፡05

ጥቁርና ነጭ፣ እኔ የሊቨርፑልም የኒውካስልም አይደለሁም፤ የኢትዮጵያ ቡና ነኝ፣ በቃ። ግን ትላንት ስታለቅሱ አብሬ ነው ያለቀስኩት። ሊጉን አንድ ጊዜ ነው የበላነው፣ በ2003። የዚያን ዓመት የተወለደ ልጅ አለኝ፤ አሁን ከእኔ ጋር ስታዲየም ይመጣና «አባዬ፣ መቼ ነው ግን የምንበላው?» ይለኛል። እናንተ ደግሞ ሀገር ውስጥ ትልቅ ዋንጫ ካነሣችሁ በፈረንጅ 1955 ነው አሉ። አያቱም ሳይሳካለት ያለፈ ሰው አለ ማለት ነው።

ጥቁርና_ነጭ
መጋቢት 8፣ ጠዋት 4፡30

አዎ፣ ኤፍ ኤ ካፕ፣ ማንችስተር ሲቲን 3 ለ 1። ጃኪ ሚልበርን ደቂቃ ሳይሞላ ነው ያገባው። በ1969 አውሮፓ ላይ የፌርስ ካፕ አለን፣ እሱንም የማይቆጥርልን ብዙ ነው።

ከዚያ በኋላ የተሸነፍናቸውን ፍጻሜዎች ደግሞ ልቁጠርልህ፦ 1974 በሊቨርፑል 3 ለ 0፣ ሁለቱን ያገባብን ኪገን ነው፣ በኋላ ጣዖታችን የሆነው። 1976 በሲቲ። 1998 በአርሰናል። 1999 በዩናይትድ። 2023 እንደገና በዩናይትድ፤ ያኔ ፖፕ በቀይ ካርድ ታግዶ ካሪየስ ነው ጎል የጠበቀልን። በ1996 ደግሞ ሊጉን በ12 ነጥብ እየመራን አስረክበናል። ስለዚህ ትላንት ስምንት ደቂቃ ጭማሪ ተብሎ ኬዛ ሲያገባ ምን እንደተሰማኝ አትጠይቀኝ። ቤት ውስጥ የነበሩት የሊቨርፑል ደጋፊዎች እንኳ አዘኑልኝ፣ አንዱ ውሃ አመጣልኝ።

ልጅህን ስመልኝ።

ቀይ_ባሕር
መጋቢት 8፣ ጠዋት 5፡12

ስለ ኢሳቅ ማንም የማይለውን ልበል። ልጁ ሶልና፣ ስዊድን ነው የተወለደው፤ ወላጆቹ ኤርትራውያን ናቸው። ትላንት እናቴ፣ ኳስ የማታውቀው፣ ስሙን ሰምታ ከወጥ ቤት እጇን ሳትታጠብ ወጥታ ቆማ አየች። «የማን ልጅ ነው?» ነው ያለችው። እኛ ቤት ጥያቄው ይኼ ነው፣ ስንት አገባ አይደለም።

ሐበሻዊ_ሸ
መጋቢት 8፣ ጠዋት 5፡20

የእኛም ልጅ ነው ማለት ነው እንግዲህ፣ ያው አንድ ሕዝብ…

ቀይ_ባሕር
መጋቢት 8፣ ጠዋት 5፡23

ጀመርክ!

ዋንጫ ሲበላ አንድ ሕዝብ፣ ሲሸነፍ ስዊድናዊ።

አወያይ
መጋቢት 8፣ ጠዋት 5፡40

ከዚህ ቀጥሎ የነበሩ 14 መልእክቶች ተነስተዋል። ሰውዬው ለስዊድን ነው የሚጫወተው። ወደ ኮርናው ተመለሱ።

መድፈኛዋ
መጋቢት 8፣ ጠዋት 6፡01

አወያይ፣ 14ቱን ሳላነብ ለምን ታነሣለህ?

ከጌትስሄድ
መጋቢት 20፣ ምሽት 5፡15

ይህን ክር ዘግይቼ ነው ያገኘሁት። የምኖረው ከታይን ወንዝ ማዶ ጌትስሄድ ነው፣ አዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ዛሬ ሰልፉ ስለነበር ላካፍላችሁ ብዬ ነው።

የፍጻሜው ማታ ሥራ ላይ ነበርኩ። አንድ አዛውንት አሉን፣ ብዙ ነገር የሚረሱ፤ ቁርስ መብላታቸውን ይረሳሉ፣ የእኔን ስም በየቀኑ እንደ አዲስ ነው የምነግራቸው። ጨዋታው ሲያልቅ እጄን ይዘው «ሚልበርን ነው ያገባው?» አሉኝ። በርን ነው አልኳቸው። «በርን የሚባል የለንም» አሉ። ተከራከርኳቸው፣ አሸነፉኝ።

ዛሬ ደግሞ እረፍቴ ነበር። አውቶቡሶቹ ከስታዲየሙ ተነስተው ታውን ሙር ወደሚባለው ሰፊ መስክ ነው የሄዱት። በሰልፉና በመስኩ ሦስት መቶ ሺህ የሚገመት ሰው ነው የወጣው ተብሏል፤ የከተማዋን ነዋሪ የሚያህል። እኔ ጥምቀትን ጃንሜዳ ያየሁ ሰው ነኝ፣ ሕዝብ አያስደነግጠኝም፤ ግን እዚህ አገር ሰው እንዲህ ተቃቅፎ አይቼ አላውቅም። በሜትሮው ተገፍተን ስንገባ አንዲት ሴትዮ ሻርፗን አውልቃ አንገቴ ላይ ጠመጠመችልኝ። አልመለስኩላትም፣ ሕዝቡ ለያየን። አሁን ወንበሬ ላይ ተንጠልጥሏል።

ጋሽ_ፉጨት
መጋቢት 21፣ ጠዋት 2፡30

የእኔ ልጅ፣ እንዲህ ያለውን ቶሎ ቶሎ ጻፊልን። አዛውንቱን ሰላም በይልኝ፣ ሚልበርን ነው በያቸው።

ቀዩ_ከገርጂ
ሚያዝያ 19፣ ምሽት 3፡30

ዳግማይ ትንሣኤ፣ ቶተንሃም 5 ለ 1፣ 20ኛው የሊግ ዋንጫ። ስለ ኮርና የሚያወራ ካለ እዚሁ ነኝ።

ጣቢያው_ዲኤስቲቪ
ሚያዝያ 19፣ ምሽት 3፡41

እንኳን ደስ አለህ። ዛሬ እስከ መጨረሻው ቆይተሃል፣ መስክሬያለሁ። የዛሬውንም ከፍለሃል። የመጋቢቱ ግን አለ።

ጥቁርና_ነጭ
ነሐሴ 27፣ ጠዋት 1፡15

ይህን ክር ከተቀበረበት ያወጣሁት በደስታ አይደለም። ሌሊቱን አልተኛሁም።

> ሊቨርፑል ይፈልገዋል የሚለውን ወሬም ተዉት። በነጻ ቢሰጡን አልፈልገውም። ጻፉልኝ።

125 ሚሊዮን ፓውንድ። ጽፈንልሃል።

ቀዩ_ከገርጂ
ነሐሴ 27፣ ጠዋት 2፡40

አልክድም፣ እጄ ነው የጻፈው። በነጻ አልፈልገውም ነው ያልኩት እኮ፤ በነጻ አልወሰድነውም።

እሺ፣ ከቀልድ ውጪ። ክረምቱን ሙሉ ልምምድ አልሠራም ብሎ የሄደበት መንገድ እኔንም አልተመቸኝም። ነሐሴ 19 ቤታችሁ ድረስ መጥተን በ100ኛው ደቂቃ 3 ለ 2 ስናሸንፋችሁ፣ ያገባው ያ የ16 ዓመት ልጅ፣ ንጉሞሃ፣ ሆኖ ኢሳቅ ደግሞ የየትኛውም ቡድን መለያ ሳይለብስ ቤቱ ተቀምጦ ነበር። የእኔ ቢሆን እኔም እንዳንተ እበሳጭ ነበር።

መድፈኛዋ
ነሐሴ 27፣ ጠዋት 3፡05

የመጋቢቱን አሰላለፍ አሁን መልሼ ሳይ ዓይኔ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው። ፊት ላይ የጀመረው ጆታ ነበር። ሰኔ 26 ቀን እሱና ወንድሙ በመኪና አደጋ ያለፉ ዕለት እኔ አርሰናሏ ሥራ ቦታ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት። በዚህ ክር ስሙን አንዳችንም አለማንሣታችን ገረመኝ። ያኔ ምን ምክንያት ነበረን።

ቀዩ_ከገርጂ
ነሐሴ 27፣ ጠዋት 3፡11

አዎ። የፍጻሜው ዕለት ጆታ ሲቀየር እኔ ወጥቼ ታክሲ ተራ ነበርኩ።

ጋሽ_ፉጨት
ነሐሴ 27፣ ጠዋት 4፡00

ነፍሱን ይማር።

ልጆቼ ክረምቱን ሜዳው ጭቃ ስለሆነ አልተሰበሰቡም ነበር፤ ባለፈው ቅዳሜ ጀመርን። ያ ረጅሙ ልጅ ሁለት ጣት ያህል ጨምሯል። ኮርና ሲመታ አሁንም ወደ ኋላ ይቀራል፤ አሁን ግን አንድ አጭር ልጅ በራሱ ፈቃድ ሸበጡን አንሥቶ ሄዶ አጠገቡ አስቀመጠ። ምን ታደርጋለህ ብለው «ማክ አሊስተር ነኝ» አለኝ።

ጥቁርና_ነጭ
ነሐሴ 27፣ ጠዋት 4፡20

ገጨው ወይስ አልገጨውም?

ጋሽ_ፉጨት
ነሐሴ 27፣ ጠዋት 4፡26

ገጨው። ግን ወደ ውጪ ወጣች። ትከሻውን ገፍቶታል።

ጣቢያው_ዲኤስቲቪ
ነሐሴ 27፣ ጠዋት 5፡02

ቀዩ፣ ኢሳቅን በ125 ሚሊዮን ፓውንድ ስትገዙ ሁለት ሻይና አንድ ሳምቡሳ አቃታችሁ?

ቀዩ_ከገርጂ
ነሐሴ 27፣ ጠዋት 5፡06

ቅዳሜ መጥቼ እከፍላለሁ፣ በእናትህ ከዚህ ክር ላይ አውርደኝ። ስንት ነበር?

ጣቢያው_ዲኤስቲቪ
ነሐሴ 27፣ ጠዋት 5፡09

በመጋቢቱ ዋጋ ነው ወይስ በነሐሴው?